ሸሪፍ የለወጠው የፊልም መጨረሻ

…ቀኑን ግን ሊሳሳት ይችላል፣ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ የጦይባ ወንድም የደወለው ከዙህር በፊት ይሁን በኋላ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሠራ ጭንቅላት ነው፣ ቀን አይይዝለትም፣ ስለዚህ ሸሪፍ ነገሩን ለራሱ እንኳ ሲያወራው «መሰለኝ» እያለ ነው፣ ማንም አይከሰውም፣ ግን መጠንቀቅ አይከፋም። ፊልሙን ግን አይሳሳትም። ፊልሙን አምስቴ አይቶታል፣ አሁን ስድስተኛው ነው።

ስልኩ የሻይ ብርጭቆ ተደግፎ ቆሟል፣ እሱ የሕንፃው መግቢያ ላይ ባለችው ፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፣ የሪያዱ መላዝ ሰፈር ዛሬ ጸጥ ያለ ነው፣ ዒድ አልፏል፣ ሰው ገና ከጉዞ አልተመለሰም፣ አሳንሰሩ ወጥቶ ወርዶ ማንንም ሳይዝ በሩን ይከፍታል። ይህችን ሴት ከየት አገኟት? እናትየዋን ሆና የምትሠራዋን። ገና ከመጀመሪያው፣ ልጇ ከዐረብ አገር ድምጿን በካሴት ቀድታ ስትልክ፣ በሰፈሩ ቴፕ ያለው አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው፣ እናትየዋ ሄዳ እሱ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ እንግዳ የሚመጣባት ይመስል፣ ካሴቱ «እማ፣ ደህና ነሽ ወይ?» ሲል «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ያኔ ልብስ ሰፊው ቴፑን ያቆመዋል። ያቆመዋል! ትመልስ ብሎ። «እህሉስ እንዴት ነው?» ይላል ካሴቱ፣ ጠቅ፣ ይቆማል፣ ሴትየዋ ስለ ማሽላው ትናገራለች፣ ስለ አንበጣውም፣ ጨርሳ ወደ ልብስ ሰፊው ቀና ስትል እሱ ጠቅ። እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ልጅ ዕድሜው ስንት ቢሆን ነው፣ ሠላሳ? ሠላሳ ሁለት? ማን ነገረው? ሸሪፍ ባቲ እያለ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ አያውቅም፣ ግን ቢኖር ኖሮ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣታቸውንም አውቀዋል፣ የቴፑ ባትሪ ሲደክም ስድስቱን ድንጋይ ግንብ ላይ ደርድረው ሲያሞቁ፣ አንዲት ዶሮ መጥታ ልትለቅም ስትል፣ ዶሮዋ እንኳ ትወና ታውቃለች።

ጀሪካኑ ብቻ። ቢጫ ጀሪካን ከእናትየዋ ቤት ጥግ ቆሟል፣ በዚያ ዘመን ቢጫ ጀሪካን የት አለ፣ ውኃ በእንስራ ነው፣ ቢበዛ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ። ለሦስተኛ ፎቋ ሠራተኛ ለጦይባ ነግሯታል። ኧረ ጋሼ፣ ሰው እያለቀሰ እርስዎ ጀሪካን ያያሉ? አያለሁ ልጄ፣ ዓይኔን ሰጥቼው ሳለ ምን ላድርግ። የአውቶቡስ ረዳቱስ የሸሚዝ ቁልፍ? ምን ሆነ ቁልፉ? ነጭ ነው፣ ጥቁር ነበር መሆን ያለበት። ያረቢ፣ ዳይሬክተሩ እርስዎን ቢያገኝ አገር ጥሎ ይጠፋል! ብላ ቆሻሻዋን ይዛ ትስቃለች፣ ጥቁሩ ፌስታል ጉልበቷን እየመታ።

አለመዋደድ አይደለም። የሚወደውን ሰው ነው እንዲህ የሚያየው።

ከፊልሙ በታች ሰው የጻፈውን አንዳንዴ ያነባል፣ አምስተኛ ክፍል ደርሷል፣ ቀስ ብሎ ያነባል፣ «ምነው በዚያ ዘመን በተወለድኩ» ይላል አንዱ፣ ፎቶው ላይ ጢም እንኳ የለውም። ልጄ፣ ተወልደህ ምን ልትሆን? በአፈሳ ጊዜ እናትህ ጎታ ውስጥ ልትደብቅህ? ግን ፊልሙ አፈሳውን አላሳየም፣ ሰባ ሰባትንም በጨረፍታ ነው ያለፈው፣ ሸሪፍም መጀመሪያ ቅር አለው፣ ከዚያ ተወው፣ ከዚያ አመሰገነ፣ እሱን እኛ እናውቀዋለን፣ ልጆቹ በርጩማውን ይውሰዱ፣ ልብስ ሰፊውን ይውሰዱ፣ ሰው ካለፈው ነገር የሚሸከመውን ነው የሚመርጠው፣ ሻንጣ እኮ ኪሎ አለው። አሁን ሁሉም ወደ ኋላ ነው፣ ሠርጉ በቤልቦተም፣ ዘፈኑ የጥንቱ በአዲስ ከበሮ፣ እዚህም ቢሆን እንደዚያው ነው፣ የሕንፃው ባለቤት ልጅ ፈይሰል ያላ ያ ዐም፣ ና እንሂድ አጎቴ፣ ብሎ የገበያ አዳራሹ ሲኒማ ይዞት የሄደ ጊዜ፣ ሸሪፍ ሪያድ ሲገባ ሲኒማ የሚባል ነገር አልነበረም፣ አሁን ፈንዲሻ በባልዲ ታቅፎ ለስላሳ ወንበር ውስጥ ሰጥሟል፣ ፊልሙ የግብፅ ነበር፣ የድሮ ካይሮ ሰፈር፣ ሳቅ ነው፣ በአንድ ቦታ ላይ ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ጥቁር ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ሳዑዲ ራሱ ላይ የጣለውን የሽማጉን ጫፍ ወደ ዓይኑ ወሰደ። ስልክ አይቶ የሚያለቅስ ሰው! ሸሪፍ መሳቅ ፈልጎ ነበር፣ አልሳቀም፣ ፈንዲሻውን ወደ ሰውየው ገፋ አደረገለት፣ ሰውየውም ዘግኖ በላ። በየቤቱ አንድ የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ይህን የሚያስታውስ ፊልም ጥሩ ሥራ ነው፣ ከፍሎ ባይገባም ይመሰክራል።

ጦይባ ሦስተኛ ፎቅ ነበረች። የቢስቲማ ልጅ፣ እዚህ ከመጣች አራት ዓመቷ፣ የማዳሟን ልጆች ታሳድጋለች፣ ክፍሏ ካውያና ልብስ ማጠቢያው ያሉበት ጠባብ ነው፣ ከቤት የምትወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው፣ በቀን አንዴ፣ ያችም አምስት ደቂቃ ናት። አምስት ደቂቃዋን ለፊልም ሰጧት። ሌላ ምን ያወራሉ፣ ሥራውን ሁለቱም ያውቁታል። ሸሪፍ ከሴቶቹ ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ ካሜራው ሥር ይቆማል፣ ማንም የሚያይበት ቦታ፣ ሐሜት የሚመጣው ከማይታይ ቦታ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሃሪስ፣ የሕንፃ ዘበኛ፣ ሆኖ አንድ ቀን ስሙ ያልተነሳው በዚህ ነው፣ እሷም ታውቃለች፣ ካሜራው ሥር ስትደርስ ወደ ላይ ቀና ብላ ሰላም ትለዋለች፣ ካሜራውን። ፊልሙን በቁራጭ በቁራጭ ነው የምታየው፣ ስልኩን ማዳሟ ትይዘውና ሥራ ሲያልቅ ትሰጣታለች፣ ዛሬ እስከ የት ደረስሽ? ልብስ ሰፊው ቴፑ ተበላሽቶበት እስከሚያለቅስ። እሱ ገና ነው። ገና ነው? ምን ይመጣል? አልናገርም። ጋሼ በአላህ! አልናገርም፣ ቆሻሻሽን ጣይ።

ታዲያ ጀዋር ደወለ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ አንዴ በስልኳ አስተዋውቃቸዋለች፣ የሰው ቁጥር አይጠፋም። ጋሼ ሸሪፍ፣ ብቻዎን ነዎት? ብቻውን መሆኑን ሲጠየቅ አወቀው፣ ደግ ወሬ ብቻህን ነህ ወይ ብሎ አይጀምርም። እናታችን ወደ አኼራ ሄዳለች፣ አሥራ ሁለት ቀኗ፣ ለጦይባ ጉንፋን ነው፣ ድምጿ ተዘግቷል እያልናት ነው፣ ከእንግዲህ አልቻልንም፣ በስልክ እንዳንነግራት ብቻዋን ናት፣ እርስዎ አባት ነዎት፣ ሰው ሰብስበው ያርዱልን።

ሰው ሰብስበው። ከየት?

እሱን ያረዱት ሰባት ሆነው ነው። ዑድ ሰፈር፣ ያች አራት ሆነው የሚያድሩባት ክፍል፣ ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል፣ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ና አሉት፣ ገብቶ ጓደኛውን ጀላልን አየ፣ ጀላል ጁምዓ ሥራ የማይተው ሰው ነበር፣ ጀላል ጥግ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል፣ ሸሪፍ ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ መጣለት፣ ሦስተኛው ከኋላ፣ ወደ ኋላ ቢወድቅ ብለው፣ ያኔ ነገሩት። ከሞተች ስምንት ወሯ ነበር። ለምን ደበቃችሁኝ ብሎ አልተቆጣም፣ ስምንት ወር ሙሉ እናቱ ለእሱ ብቻ ኖራለች፣ ይህን ማን ይሰጠዋል፣ እነዚያ ሰባት ሰዎች ባይኖሩ ግን፣ ብቻውን ቢሰማው፣ የዚያን ቀን ግድግዳው አይይዘውም ነበር። ስለዚህ ብቻዋን አይሆንም። ወላሂ አይሆንም። በካውያ ክፍል፣ በሩን ዘግታ፣ ትራስ ነክሳ።

ሁለተኛ ፎቅ ረሂማ አለች። ጎን ካለው ሕንፃ ደግሞ አዛለች አለች፣ ክርስቲያን ናት፣ ግን ለቅሶ ክርስቲያንና እስላም የለውም፣ ሁለት፣ ከእሱ ጋር ሦስት። ሦስት ሰው ሰው ነው? ቢያንስ። ግን የረሂማ ማዳም ቆሻሻ የምታስጥለው ጠዋት ነው፣ የጦይባ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ላይ አይገጣጠሙም፣ ጁምዓ ደግሞ ሁሉም ከከተማ ውጭ ወዳለው ማረፊያ፣ ወደየኢስትራሃው ይሄዳል፣ ሠራተኛውንም ይዞ። ሳምንት አለፈው እያሰበ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጦይባ ቆሻሻዋን ይዛ መጣች፣ ካሜራውን ሰላም ሳትለው፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ የካሴቷ እናት አመማት አይደል፣ ትተርፋለች?

መልሱ አፉ ላይ ነበር። አትተርፍም። በክረምት ትሞታለች፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ለልጅቷ አንነግርም ይላል፣ ልብስ ሰፊው በእናትየዋ ፈንታ ካሴት ይቀዳል፣ እናትሽ ጉሮሮዋን አሟት ነው፣ ሰላም ትልሻለች፣ እያለ፣ ቀርጾ ሲጨርስ ማሽኑን አንድም ልብስ ሳይዝ ዝም ብሎ ይረግጠዋል፣ ያንን ያየ ሰው ያንን ተዋናይ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ ሳይለው አያልፍም፣ በመጨረሻም ልጅቷ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ወጥቶ ቆሟል፣ ማንም አይናገርም፣ ሙዚቃ እንኳ አላደረጉበትም፣ ልጅቷ ከአውቶቡሱ ወርዳ ሰዉን ታያለች፣ ብዛቱን ታያለች፣ ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ትላለች። አለቀ። በሕይወቱ ካየው ሁሉ ያማረ መጨረሻ ነው። እሱን ሊነግራት ነው? ትተርፋለች፣ አላት። ትተርፋለች? አዎ፣ ልጅቷ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች፣ እንዲያውም ትስቃለች፣ ጥርሷ አንድ ወልቋል። ጥርሱን ከየት አመጣው? ውሸት ሲያበዙለት እውነት ይመስላል ብሎ። አልሐምዱሊላህ፣ አለች ጦይባ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ገባች፣ በሩ እስኪዘጋ ታየው ነበር።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ቀን ስለ ፊልሙ አላነሳችም። እሱም ደስ አለው። ሞኝ።

በስድስተኛው ቀን መላ መጣለት። ሃሪስ ነው፣ የቆሻሻ ገንዳው መቼ እንደሚነሳ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ገንዳው ዛሬ ሊነሳ ነው፣ ከአስር ሶላት በኋላ ወዲያው አውርዱ ቢል ማን ይከራከረዋል። ግን ለሁለት ቤት ብቻ ቢናገር? ለምን ለእነሱ ብቻ ይባላል፣ ነገር ይሸታል፣ ካወቁበት የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማው ይነጠቃል፣ ተርሂል፣ ከአገር መባረር፣ በዚህ ዕድሜው። ስለዚህ ለጥንቃቄ ብሎ የአሥራ ስምንቱንም ቤት ደወል አንድ በአንድ ተጭኖ ነገራቸው። ለጥንቃቄ! አዛለችን በስልክ ጠራት።

መጀመሪያ የደረሰችው አዛለች ናት፣ በነጠላ ጫማ፣ ከጓሮው መንገድ፣ ገንዳውን አየችና አፏን ያዘች። ጋሽ ሸሪፍ፣ መርዶ ከቆሻሻ ሥር? ማርያምን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም! ሌላ ቦታ ካለሽ ውሰጂን፣ አላት። ረሂማ መጣች፣ ፌስታሏ ውስጥ አንዲት የወተት ካርቶን ብቻ፣ የምጥለው አጥቼ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ወተት ጠጥቼ መጣሁ፣ ማዳሜ ብትሰማ ጉዴ ነው፣ አለች፣ አዛለች ሳቀች፣ ከዚያ በሳቋ ደነገጠች። ከዚያ የጓሮው በር ተከፈተ፣ አንዲት ኬንያዊት ወጣች፣ ከኋላዋ የባንግላዴሽ ሁለት፣ አንዲት ኡጋንዳዊት፣ የአምስተኛ ፎቋ ኢንዶኔዥያዊት፣ ትልቅ ሴት ናት፣ ሌላም ሌላም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሴት ነው የሚወጣው፣ ፌስታል እያንጠለጠሉ፣ አንዳንዷን ሸሪፍ በሕንፃው መኖሯንም አላወቀም፣ አሥራ አራት ቆጠረ። ምን አደረግሁ፣ ይላል ልቡ፣ ምን አደረግሁ፣ ይህን ሁሉ ሰው። ጣሉና ሂዱ ሊል ሲል ጦይባ ወጣች።

ቆመች። ሰዉን አየች፣ ከዳር እስከ ዳር። ፌስታሏን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች።

ይበሉ ጋሼ፣ ይንገሩኝ።

ምኑን ልጄ?

ፊልሙን ትተርፋለች ያሉኝ የዚያኑ ዕለት ጨረስኩት፣ አለችው፣ በጀሪካን ቀለም የሚጣላ ሰው የእናት ሞት ይረሳል? ጥርሷም አልወለቀ፣ በሩ ላይም አልቆመች። የዚያኑ ዕለት አወቅሁ።

ታዲያ ስድስት ቀን ዝም ያልሽው?

ብቻዬን ማልቀስ አልፈለግሁማ! ሰው እስኪሰበስቡልኝ ስጠብቅዎት ነዋ።

ስድስት ቀን። ስድስት ቀን ልብስ ተኩሳለች፣ ልጆች አጥባለች፣ ሰላም ብላው ወጥታ ገብታለች፣ ያንን ይዛ፣ እሱ ደበቅኋት ሲል እሷ እሱን ስትጠብቀው። ያጠናው ንግግር ነበረው፣ ከቁርኣን የሚጀምር፣ ጠፋበት። ግን ታውቃለች ተብሎ አይታለፍም፣ ቃሉ በሰው አፍ መነገር አለበት፣ አዛለች በቀኝ ረሂማ በግራ ያዟት፣ እናትሽ ወደ አኼራ ሄዳለች፣ አላህ ይዘንላት፣ አለ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖበት። ከኋላ የያዛት ግን አልነበረም። ያንን ረስቶታል። እሱ ራሱ ከኋላ የተያዘ ሰው ያንን ረሳ። ወደ ኋላ ስትወድቅ የተቀበለቻት ኢንዶኔዥያዊቷ ናት፣ ቋንቋውን አታውቅም፣ ማንም ምንም አልነገራትም፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገችው። ኬንያዊቷ «ማማ?» አለች፣ ረሂማ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ፌስታሎቹ ወረዱ። አንዱ ከአንዱ በኋላ፣ ገንዳው ውስጥ ሳይሆን እዚያው እግራቸው ሥር፣ አንዲትም ሴት አልሄደችም፣ ከየፎቁ ስማቸው ሲጠራ፣ ያላ! ወይን ኢንቲ፣ የት ነሽ! ሲባል፣ አንዲትም። በየቋንቋቸው ነው ያለቀሱት፣ የየራሳቸውንም ጨምረው መሰለው። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፣ ካሜራው የማያይበት ቦታ መሆኑን ያስታወሰው ከብዙ በኋላ ነው፣ ግድም አልሰጠው።

የጦይባ ማዳም ዐባያዋን ደርባ ወረደች፣ በጓሮ በር ወጥታ አታውቅም፣ ልትቆጣ ነው የወረደችው፣ አየች፣ ምንድነው አለችው፣ ነገራት። ሴትየዋ የገዛ እናቷ የሞተችው አምና ነው። ከእነሱ ጋር ቆመች፣ ሽቶዋ ከቆሻሻው ሽታ ጋር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሁለት ወር ፈቃድ፣ ኹሩጅ ዐውዳ፣ ሄዶ የመመለሻው ቪዛ፣ ቲኬቱም በእሷ። ሸሪፍ ይህንንም ይመሰክራል፣ ሰው ክፉውን ብቻ መናገር የለበትም።

ጦይባ አገር ቤት ከሄደች ሁለት ወሩ ባለፈው ሳምንት ሞላ፣ አልተመለሰችም። ዛሬ ጠዋት ማዳሟ አሳንሰሩ በር ላይ ቆማ፣ ሸሪፍ፣ ጦይባ ደወለች? አለችው። ኢንሻአላህ ትደውላለች። ልጆቹ ይጠይቁኛል እኮ፣ አለች፣ ወደ መኪናዋ ሄደች። መንገዱ ተዘግቶ ይሆን፣ ኔትወርክ የለም ይባላል እዚያ ወዲያ፣ ወይስ በቃኝ አለች፣ ብትልስ፣ ማን ይፈርድባታል፣ ግን ትናገር፣ አንድ ቃል፣ ቀርቻለሁ ካለች ቀርታለች ነው፣ ታማ እንደሆነስ፣ ጀዋርም አያነሳም፣ ሦስቴ ሞከረ፣ አራተኛውን ተወው፣ ሰው ሲበዛበት ይጠላል። ኸላስ፣ በቃህ ሸሪፍ። ኸላስ አይሆንለትም። ፊልሙ ስልኩ ላይ ይሄዳል፣ ድንጋዮቹ ግንብ ላይ ተሰጥተዋል፣ ዶሮዋ መጣች፣ ይህን ቦታ በጣም ይወደዋል፣ ዛሬ ግን ዓይኑ ከላይ ከላይ ነው፣ መልእክት ሲመጣ የሚታይበት ቦታ ላይ።

የመጨረሻው የመጣው በረጀብ መጨረሻ፣ እሁድ ረፋድ ላይ ነው። የድምፅ መልእክት፣ ሰባት ደቂቃ፣ ከእሷ። ሲከፍተው እሷ አትናገርም፣ የመኪና በር ይዘጋል፣ ጥሩንባ፣ ከሩቅ አንዲት ሴት መጣች! መጣች! ትላለች፣ ከዚያ ብዙ ናቸው፣ በጣም ብዙ፣ እየቀረቡ ነው፣ የጀዋር ድምፅ መንገድ ስጧት ይላል፣ ለቅሶው ከላይ ከታች ይነሳል፣ ስልኩን ኪሷ ከትታው ይሆናል፣ ጨርቅ ያሽዋሻል፣ ትንፋሿ ይሰማል፣ ትሮጣለች፣ ተሳስታ ነክታው ይሁን ስማ ብላው አያውቅም፣ አልጠየቃትም። ሸሪፍ ለቅሶኞቹ ሲደርሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ መላዝ፣ ሕንፃው መግቢያ ላይ፣ ሰው እያየው፣ ሰባቱንም ደቂቃ ቆሞ ሰማው፣ መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት አረፍ በይ ልጄ፣ ቤትሽ ነው፣ ስትል ተቆረጠ። ያ እሁድ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማም።